ከፈላና በር በላይ፦ ስስ አየር ሳተላይቶችን እንዴት ወደ ምድር ያወርዳቸዋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

የዛሬው የሳይንስ ዝግጅት ከሐረር ይነሳል። ከዚያም በእንጦጦና በቢሾፍቱ አልፎ፣ ከምድር በላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ እስካለው ስስ አየር ድረስ ይዘልቃል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በግንብ ወደታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጁገል፣ ከሚያስገቡት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ፣ በሰሜን በኩል ያለው ፈላና በር ነው። ማታ ማታ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ ከሚበሉባቸው የሐረር ቦታዎች አንዱ እዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑን ጅቦቹ ላይ ይተክላል። ቀና ብሎ ሰማዩን ለሚመለከት ግን ሌላም የሚታይ አለ። ደመና በሌለበት ምሽት፣ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ በከዋክብቱ መሃል አንድ ብሩህ ነጥብ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ሲጓዝ ይታያል። አውሮፕላን ቢሆን መብራቱ ብልጭ ድርግም ባለ ነበር። ይህ ሳተላይት ነው። የራሱ መብራት የለውም፤ ምድር ላይ ሲመሽ እሱ ካለበት ከፍታ ፀሐይ ገና አልጠለቀችምና ብርሃኗን ያንጸባርቃል። በምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሰማይ መሃል ድንገት ይጠፋል።

ከነዚህ ነጥቦች ሁሉ ደማቁ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። በሐረር ሰማይ ላይ በቀጥታ ሲያልፍ ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ በዚያች ደቂቃ ለሐረር ሰው ከአዲስ አበባ የመኪና መንገድ ይልቅ የጠፈር ጣቢያው ይቀርበዋል ማለት ነው። ከሐረር አናት ተነስቶ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢያመራ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር። ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት 92 ደቂቃ ያህል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር እስከ መቼ ይዞራል? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «እዚያ አየር ስለሌለ የሚያቆመው የለም፤ ሁልጊዜ ይዞራል» የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አየሩ እዚያም አለ፤ ሳተላይቶችንም ቀስ በቀስ ወደ ምድር ያወርዳል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አየር ከምድር እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል እንጂ በአንድ መስመር ላይ ተቆርጦ አያልቅም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ብንለካ፣ በውስጡ ያለው አየር አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ይመዝናል። ያንኑ የሚያህል ቦታ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ቢለካ ግን የሚገኝበት አየር ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ያም እኛ ከምንተነፍሰው የተለየ ነው፤ በአብዛኛው የፀሐይ ጨረር ከጥንዱ የነጠላቸው የኦክስጅን አቶሞች ናቸው።

ጥቂት ግራም ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። መልሱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል። ፊቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቦታ ጠርጎ ያልፋል። በመንገዱ ያገኘውን አየር ሁሉ በዚያ ፍጥነት ይገጨዋል። እያንዳንዷ ግጭት ከሳተላይቱ ላይ ቅንጣት ያህል ጉልበት ትወስዳለች። ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሲሆን ሒሳቡ ይደመራል። ሳይንቲስቶች ይህን የአየር ሰበቃ ይሉታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የፊዚክስ ተማሪዎችን ሁሉ ያስገርማል። በሰበቃ ጉልበቱን ያጣ ሳተላይት መዘግየት የነበረበት ይመስላል፤ እሱ ግን ይፈጥናል። 600 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞር ሳተላይት ፍጥነቱ በሰከንድ 7.56 ኪሎ ሜትር ነው። ወርዶ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 7.73 ይሆናል። ሰበቃው ሳተላይቱን ከሚዞርበት መንገድ፣ ከምሕዋሩ፣ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ሲል የመሬት ስበት ይበረታበታል፣ ከከፍታ መውረዱም ፍጥነት ይጨምርለታል። በመውረዱ ካገኘው ጉልበት ግማሹን ሰበቃው ይወስድበታል፤ ግማሹ ፍጥነት ሆኖ ይቀርለታል። ዙሩም ያጥራል፤ 600 ኪሎ ሜትር ላይ 97 ደቂቃ ገደማ የነበረው 300 ላይ 90 ደቂቃ ተኩል ይሆናል።

አወራረዱም እኩል አይደለም። ከፍ ብሎ ሳለ በዓመት ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ወፍራም አየር ያገኛል፤ ወፍራሙ አየር ደግሞ አብልጦ ያወርደዋል። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ዕድሜው በቀናት የሚቆጠር ይሆናል። 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መዞሩ ያበቃና መውደቁ ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ግሎ ይበታተናል፣ አብዛኛው አካሉም ይቃጠላል። ምሕዋሩ ሞላላ ከሆነ ደግሞ ሰበቃው የሚያገኘው በዝቅተኛው ጫፍ ሲያልፍ ነው፤ የሚወርደው ግን ተቃራኒው ከፍተኛ ጫፍ ነው። ስለዚህ ሞላላው ምሕዋር መጀመሪያ ክብ ወደ መሆን ይጠጋል፣ ከዚያ በኋላ ይሰምጣል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ መሆኑ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ከሩቅ ምሥራቅ የሚተላለፈውን የማስወንጨፍ ሥርጭት ይከታተሉ ነበር። ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ማዕከል የተነሳው ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ይዞ መጠቀ። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ከዋልታ ወደ ዋልታ በሚያልፍ ምሕዋር ላይ ተቀመጠች። ሥራዋ የእርሻን፣ የደንን፣ የውሃንና የአካባቢን ሁኔታ ፎቶ ማንሳት ሲሆን፣ ምስሎቿን የሚቀበለው የእንጦጦው ጣቢያ ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ 10 ኪሎ ግራም የማትሞላዋ ሁለተኛዋ ሳተላይት፣ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ፣ ከዌንቻንግ ተላከች። የሷ ምሕዋር ከመጀመሪያዋ ዝቅ ያለ፣ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር።

በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ለሰበቃ ግን ትልቅ ነው፤ በ500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው አየር ከ600ው ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ላይኛዋ ሳተላይት ለዓመታት ስትንሳፈፍ፣ ታችኛዋ በዚያው ጊዜ ብዙ ትወርዳለች። ክብደትና ስፋትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከባድና ጥቅጥቅ ያለ አካል ሰበቃውን ይቋቋማል፤ ቀላል ሆኖ ሰፊ የፀሐይ ክንፍ የዘረጋ በቶሎ ይወርዳል።

ሰበቃው ሳተላይቷን ለመጣል ዓመታት ቢፈጅበትም፣ ሥራዋን ማወክ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። እንጦጦ ላይ አንቴናውን የሚቆጣጠር ባለሙያ ሳተላይቷ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው አቅጣጫ ከአድማስ ብቅ እንደምትል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዞር ሳተላይት ከተገመተው ከፍታ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ዝቅ ብትል፣ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰከንድ በጥቂት ያጥራል። በቀን 15 ዙር ያህል ስለምትዞር፣ በማግስቱ የምትመጣው 18 ሰከንድ ቀድማ ነው። በ18 ሰከንድ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። በዐሥር ቀን ውስጥ ጥፋቱ ሦስት ደቂቃ ይሞላል። አንድ ጊዜ በጣቢያው ሰማይ ላይ ስታልፍ የምትታየው ከዐሥር ደቂቃ ያህል ስለማይበልጥ፣ ሦስት ደቂቃ ማጣት ብዙ ምስል ማጣት ነው። የምሕዋር መረጃ በየጊዜው የሚታደሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሐረርና ለአካባቢዋ ሰው የዚህን ጥቅም የሐረማያ ሐይቅ ያሳየዋል። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ፣ ኋላ ደግሞ ውሃ መልሶ ይዟል። የሐይቁን መሸሽና መመለስ ከሳተላይት ምስል ላይ ዓመት ከዓመት ለማነጻጸር፣ ምስሎቹ በተቀራራቢ ሰዓትና በተቀራራቢ የፀሐይ አቅጣጫ ቢነሱ ይመረጣል። የዋልታ ምሕዋር ያላቸው የፎቶ ሳተላይቶች በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሰዓት እንዲያልፉ ሆነው የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ከፍታቸው ሲወርድ ይህ ሰዓትም ቀስ በቀስ ይዛባል፤ ጥላው ይለወጣል፣ ንጽጽሩም ይከብዳል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ሰበቃው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የአንድን ሳተላይት ዕድሜ ማስላት ቀላል ይሆን ነበር። ነገሩን የሚያወሳስበው የፀሐይ ጠባይ ነው። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ትበረታለች፣ አንዴ ትረጋጋለች። ስትበረታ የምትረጨው አልትራቫዮሌት ጨረር ይጨምርና የላይኛውን ከባቢ አየር ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ሊጥ ኩፍ እንደሚል ወደ ላይ ያብጣል። ትናንት ስስ አየር የነበረበት ከፍታ ዛሬ ወፍራም አየር ይደርሰዋል። በ400 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፀሐይ በተረጋጋችበትና በበረታችበት ዘመን መካከል ያለው የአየር ውፍረት ልዩነት ዐሥር እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታሪክ ከፀሐይ ታሪክ ጋር የሚገጥምበት አንድ ነጥብ አለ። ሳይንቲስቶች የፀሐይ ነጠብጣቦችን ቆጠራ ሲያጠናቅቁ፣ ፀሐይ ከሁሉ በላይ ተረጋግታ አዲሱን፣ 25ኛውን ዑደት የጀመረችው በዲሴምበር 2019 መሆኑን አስታወቁ። ኢቲአርኤስኤስ-1 የመጠቀችው በዚያው ወር ነው። አየሩ እጅግ በሳሳበት ወቅት ሥራ ጀመረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት አየሩ እየወፈረ ሄደ። በኦክቶበር 2024 ናሳና የአሜሪካ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ፀሐይ የብርታቷ ጣሪያ ላይ መድረሷን ይፋ አደረጉ።

ከዑደቱ ሌላ ድንገተኛ ማዕበልም አለ። ፀሐይ በኤሌክትሪክ የተሞላ ቁስ ስትተፋና ይህ ቁስ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ጋር ሲላተም፣ የላይኛው አየር በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ላከ። መጀመሪያ የተቀመጡት ሆን ተብሎ ዝቅ ባለ ከፍታ፣ በ210 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ደኅንነታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በራሳቸው ሞተር ሊወጡ ነበር የታሰበው። በማግስቱ የደረሰው ማዕበል ኃይለኛ የሚባል እንኳ አልነበረም። ሰበቃው ግን ከቀድሞዎቹ ጉዞዎች እስከ 50 በመቶ ጨመረ፤ 38ቱ ሳተላይቶች መውጣት ተስኗቸው በቀናት ውስጥ ተቃጠሉ።

ከዚያ የሚከፋ ታሪክም አለ። ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ በ1973 መጠቀ። የመጨረሻዎቹ ጠፈርተኞች በ1974 ትተውት ሲወርዱ፣ የጠፈር መንኮራኩር ተሠርቶ እስኪገፋው ድረስ ይቆያል ተብሎ ነበር። ፀሐይ ከተገመተው በላይ በረታች፣ አየሩ አበጠ፣ መንኮራኩሩም ሳይደርስለት ቀረ። ከ70 ቶን በላይ የሚመዝነው ጣቢያ ጁላይ 11 ቀን 1979 ወደቀ፤ ስብርባሪው በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ተበተነ። የዛሬው ዓለም አቀፍ ጣቢያ ይህ እንዳይደርስበት በየጊዜው ሞተር እየተቀሰቀሰ ወደ ላይ ይገፋል። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ግን የሚገፋው ሞተር የለውም። በ1990 ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጠፈርተኞች ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኙት በ2009 ነው፤ አሁን ወደ 500 ኪሎ ሜትር እየተጠጋ ይወርዳል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው የወደቁትን በመከታተል ነው። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ 1 ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሲመጥቅ ዝቅተኛው ጫፉ 215፣ ከፍተኛው 939 ኪሎ ሜትር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1958፣ አየር ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ። ሳይንቲስቶች የዙሩን ማጠር እየለኩ፣ መሣሪያ ይዞ የሄደ ሰው በሌለበት ከፍታ የአየሩን ውፍረት አሰሉ። በአሜሪካው የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ማዕከል ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ያኪያ፣ የሳተላይቶች አወራረድ ከፀሐይ ብርታትና ከመግነጢሳዊ ማዕበል ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ ነው። ያዘጋጃቸው የከባቢ አየር ሞዴሎችም ለምሕዋር ስሌት ለዐሥርተ ዓመታት አገልግለዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያም አሻራ አለ። ስፑትኒክ የመጠቀው ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ውስጥ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዘመቻ ምክንያት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ፤ መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዌን ነበሩ። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በጣም ትቀርባለችና ጣቢያው የሚመዘግበው የመግነጢስ መለዋወጥ ለዓለም ሳይንቲስቶች ተፈላጊ ሆነ። በ1960ዎቹ ደግሞ የስሚዝሶኒያን ማዕከል በዓለም ዙሪያ ከዘረጋቸው የቤከር-ነን የሳተላይት መከታተያ ካሜራዎች አንዱ ደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ተተከለ። ካሜራው ሌሊት ሌሊት ሳተላይቶችን ከከዋክብት ጋር አብሮ ፎቶ እያነሳ ቦታቸውን ይመዘግብ ነበር። የሳተላይቶች መውረድ የሚሰላው እንዲህ ባሉ ካሜራዎች ምዝገባ ነበር።

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሰበቃ ሳተላይት ቢያወርድም ሰማይን ያጸዳል። ሥራውን የጨረሰ ሳተላይትና የተሰበረ ሮኬት ለሌሎች አደጋ ነው። እንደ ናሳ ገለጻ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በታች የቀረ ስብርባሪ በአብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወድቃል። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግን መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በ1958 የተላከው ትንሹ ቫንጋርድ 1 ዝቅተኛው ጫፉ እንኳ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዛሬም ይዞራል፤ ድምፁ ከጠፋ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዚህ ነው ሥራውን የጨረሰ ሳተላይት በ25 ዓመት ውስጥ እንዲወርድ የሚያሳስበው መመሪያ የወጣው፤ በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለሚፈቅድላቸው አዳዲስ ሳተላይቶች ጊዜውን ወደ 5 ዓመት ዝቅ አድርጎታል።

የሰው ልጅ ሥራም በዚህ የጽዳት ኃይል ላይ እጁን አሳርፏል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር አጠገብ አየሩን ያሞቃል፤ በላይኛው ከባቢ አየር ግን ሙቀትን ወደ ጠፈር እየለቀቀ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ይኮማተራል፣ ሰበቃውም ይቀንሳል። ተመራማሪዎች ይህን በ1989 ተንብየው ነበር። የአሮጌ ሳተላይቶች የአወራረድ መዝገብም የላይኛው አየር በየዐሥር ዓመቱ እየሳሳ መሄዱን አሳይቷል። ውጤቱ ስብርባሪው በምሕዋር ላይ የሚቆይበት ዘመን መርዘሙ ነው።

እንግዲህ አድማጮች፣ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ የሚቀመጥ ሳተላይት ሁሉ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡን የሚወስኑት ከፍታው፣ ክብደቱና ቅርጹ፣ የተሸከመው ነዳጅና በዚያ ዘመን ያለው የፀሐይ ጠባይ ናቸው። ኢትዮጵያ ሳተላይት ካመጠቁ አገሮች ተራ ገብታለች። ለአንድ ሳተላይትም የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አገሪቱ ቀጣዩን ሳተላይት ለመላክ መዘጋጀቷ ሲነገር፣ ዜናውን የሚሰማ ዜጋ ሁሉ ሊጠይቅ ይገባል። ከፍታው ስንት ነው? ራሱን የሚገፋበት ሞተር አለው? ፀሐይ በየትኛው የዑደቷ ደረጃ ላይ ሳለች ይላካል? ሥራውን ሲጨርስ በስንት ዓመት፣ እንዴት ይወርዳል?

በሐረርም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያላችሁ የፊዚክስ መምህራንና የሳይንስ ክበብ አባላት ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡ። የጠፈር ጣቢያውን የማለፊያ ሰዓት በስልካችሁ ፈልጉና ተማሪዎችን ወደ ሜዳ አውጡ። ብቅ ያለበትንና የጠፋበትን ሰዓት በሰከንድ መዝግቡ። በሚቀጥለው ወርም ድገሙት፤ አስቀድሞ ከተነገረው ሰዓት ጋር እያስተያያችሁ ልዩነቱን አስሉ። ሳይንቲስቶቹም የጀመሩት ሰዓትንና ቦታን በመመዝገብ ነው፤ የእኛም ልጆች ከዚሁ ይጀምሩ።

(የመውጫ ሙዚቃ)